ዳታ መር የዌብ ሰርቪስ ፍተሻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ ዌብ ሰርቪሶችን (በኔትወርክ ጥያቄ ተቀብለው መልስ የሚሰጡ ፕሮግራሞችን) በአውቶማቲክ መንገድ ለመፈተሽ የሚዘጋጁ ዴቨሎፐሮችና የጥራት ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ይመልሳል። ምሳሌዎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ከአንድ አገልግሎት የተወሰዱ ናቸው፤ እርሱም የኢትዮጵያን ቀን ተቀብሎ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሚመልስ፣ የጎርጎርዮሱንም ተቀብሎ ወደ እኛው የሚለውጥ፣ ከባልደረቦቼ ጋር የሠራነው አነስተኛ ዌብ ሰርቪስ ነው። ቀን መለወጥ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ትክክለኛው መልስ ከፕሮግራሙ ውጭ በእርግጠኝነት የሚታወቅ፣ የሚያሳስቱ ጥጎችም የሞሉበት ሥራ ስለሆነ ዳታ መር ፍተሻን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ዳታ መር ፍተሻ ማለት ምን ማለት ነው?

የፍተሻው አካሄድ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ የሚለዋወጡት ነገሮች፣ ማለትም ወደ አገልግሎቱ የሚላከው ግብዓትና ከአገልግሎቱ የሚጠበቀው መልስ፣ ከስክሪፕቱ ወጥተው በሠንጠረዥ ይቀመጣሉ። በእኛ አገልግሎት ስክሪፕቱ የሚሠራው ይህን ብቻ ነው፦ ከሠንጠረዡ አንድ ረድፍ ያነባል፣ ቀኑን ይልካል፣ የመጣውን ምላሽ በረድፉ ላይ ከተጻፈው መልስ ጋር ያመሳክራል፣ ወደሚቀጥለው ረድፍ ይሄዳል። ዐሥር ረድፍ ይኑር አምስት መቶ፣ ስክሪፕቱ አይነካም።

ትልቁ ጥቅም ግን ኮድ መቀነሱ አይደለም። ሠንጠረዡን ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ሰው ሊያነበውና ሊያርመው ይችላል። ባሕረ ሐሳብን ጠንቅቀው የሚያውቁ አንድ አባት የፓይተን ኮድ ተሰጥቷቸው «ትክክል ነው?» ቢባሉ ምንም ሊሉ አይችሉም፤ «ጳጉሜን 6 ቀን 2014» የሚል ረድፍ ሲያዩ ግን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብለው ወዲያው ይመልሳሉ። የሙያው እውቀት ያለው ሰው ፍተሻውን በቀጥታ እንዲያይ ማድረግ መቻሉ ነው ይህን ዘዴ ከሌላው የሚለየው።

የትኛውን መሣሪያ ልምረጥ?

ቡድንዎ አስቀድሞ የሚያውቀውን ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 የክሮም ተቀጥላ ሆኖ የጀመረው ፖስትማን፣ ዌብ ሰርቪሶችን መጥሪያና መፈተሻ መሣሪያ፣ ዛሬ በብዙ ቡድኖች እጅ አለ፤ የሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ሠንጠረዥ) ወይም የጄሰን (እያንዳንዱን ዋጋ ከስሙ ጋር የሚይዝ ጽሑፍ) ፋይል ሲሰጠው ለእያንዳንዱ ረድፍ ጥያቄውን ይደግማል፣ የዓምዱን ስም በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ከጻፉትም ዋጋውን በቦታው ያስገባል። ያንኑ ስብስብ ከትእዛዝ መስመር የሚያስኬደው ኒውማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያለው ሶፕዩአይ ሶፕ በተባለው የመልእክት ስምምነት ለተሠሩ ቆየት ያሉ አገልግሎቶች አሁንም ይጠቅማል፤ ሆኖም በነፃ በሚገኘው እትም የሠንጠረዥን ረድፎች በየተራ ለማስኬድ በግሩቪ ቋንቋ ስክሪፕት መጻፍ ግድ ይላል፣ ዝግጁ የሆነው የዳታ ምንጭ የሚገኘው በሚከፈልበት ሬዲኤፒአይ ውስጥ ነው። በፓይተን ለሚሠራ ቡድን የፓይቴስት «ፓራሜትራይዝ»፣ በጃቫ ለሚሠራ ደግሞ የጄዩኒት 5 ፓራሜትር የሚቀበሉ ፍተሻዎች ይበቃሉ።

እኔ በበኩሌ ሠንጠረዡ ከኮዱ ጋር በአንድ የጊት (የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚይዝ መሣሪያ) ማከማቻ ውስጥ የሚኖርበትን አካሄድ እመርጣለሁ፤ ማን የትኛውን ረድፍ መቼና ለምን እንደ ለወጠ ያን ጊዜ ብቻ ነው በግልጽ የሚታየው።

የትኛውንም መሣሪያ ቢይዙ ከአንድ ነገር ይጠንቀቁ። በአንድ ፍተሻ ውስጥ ተራ ድግግሞሽ (ሉፕ) ጽፈው ረድፎቹን በዚያ አያዙሩ። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛው ረድፍ ሲወድቅ ፍተሻው እዚያው ይቆማል፣ ከእርሱ በኋላ ያሉት ሰባና ሰማንያ ረድፎች ሳይታዩ ይቀራሉ፣ ሪፖርቱም «አንድ ፍተሻ ወደቀ» ብቻ ይላል። ፓይቴስትና ጄዩኒት እያንዳንዱን ረድፍ ራሱን የቻለ ፍተሻ አድርገው ስለሚቆጥሩ የወደቁትን ሁሉ በስማቸው ይዘረዝራሉ፤ የወደቁት ረድፎች በጋራ የያዙት ነገር ብዙ ጊዜ ስህተቱን ራሱ ይጠቁማል።

ሠንጠረዡ ምን ምን ዓምዶች ይኑሩት?

የእኛ ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ረድፎች የሚከተሉት ናቸው (ኮድ የተባለው አገልግሎቱ ከመልሱ ጋር የሚልከው የስታተስ ቁጥር ነው፤ 200 «ተሳክቷል»፣ 400 «ግብዓቱ ስህተት ነው» ማለት ነው)፦

መለያ,ግብዓት,የሚጠበቅ ኮድ,የሚጠበቅ ቀን,ምክንያት
ጳ-01,ጳጉሜን 5 2014,200,2022-09-10,የ5 ቀን ጳጉሜን መጨረሻ
ጳ-02,ጳጉሜን 6 2014,400,,2014 ዘመነ ሉቃስ አይደለም
ጳ-03,ጳጉሜን 6 2015,200,2023-09-11,2015 ዘመነ ሉቃስ ነው
መ-01,መስከረም 1 2016,200,2023-09-12,ከዘመነ ሉቃስ ማግስት
ዓ-01,የካቲት 23 1888,200,1896-03-01,የዓድዋ ጦርነት የተካሄደበት ቀን

ብዙ ሰው ግብዓቱንና መልሱን ጽፎ መለያውንና ምክንያቱን ይተዋል። መለያው ሪፖርት ላይ «ረድፍ 47» ከማለት ያድናል፤ ከላይ አንድ ረድፍ የተጨመረ ዕለት 47ኛው 48ኛ ይሆናልና በተራ ቁጥር መነጋገር አይቻልም። ምክንያቱ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ለሚመጣው ሰው የተጻፈ ነው። ምክንያት ያልተጻፈለትን ረድፍ ማንም ሰው «ይህ ምን ይሠራል» ብሎ ሊሰርዘው ይችላል፤ የሚሰረዘውም አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ስህተት ታርሞ እንዳይመለስ ተብሎ የገባው ረድፍ ነው።

የትኞቹን ረድፎች ልጻፍ?

መሃል ላይ ካሉት ቀናት ጥቂት፣ ከድንበሮቹ ላይ ብዙ። ጥቅምት 14 ትክክል ከመጣ ጥቅምት 15ም ትክክል እንደሚመጣ መገመት ይቻላል፤ ስህተት የሚደበቀው ደንቡ በሚለወጥበት ቦታ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የአገልግሎቱን ደንቦች በወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ደንብ ግራና ቀኝ ረድፍ ያቁሙ።

በእኛ ጉዳይ የመጀመሪያው ደንብ ጳጉሜን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ይህም ዘመነ ሉቃስ ነው። ተከትሎ የሚመጣው መስከረም 1 በያዝነው ምዕተ ዓመት ሴፕቴምበር 11 መዋሉን ትቶ 12 ላይ ይውላል፤ የ2000 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። የአንድ ቀኑ ልዩነት ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ይዘልቃል፤ ፌብሩዋሪ 29 ሲታከል ሁለቱ አቆጣጠሮች ተመልሰው ይገጥማሉ። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት፣ ከየካቲት 20 እስከ 23 ያሉት ቀናት እያንዳንዳቸው ረድፍ ይገባቸዋል። ለምሳሌ የካቲት 21 ቀን 1992 ከፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ጋር ይገጥማል።

ሁለተኛው ደንብ ብዙ ፕሮግራም የሚሰናከልበት ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለ100 ተካፍሎ ለ400 የማይካፈል ዓመት ፌብሩዋሪ 29 የለውም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። በዚህም የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1900 በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ጨምሯል፣ በ2100ም ደግሞ ይጨምራል። የካቲት 21 ቀን 1892 ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1900 ነው፤ በማግስቱ የካቲት 22 ማርች 1 ነው። መስከረም 1 ቀን 2093 ደግሞ ከዘመነ ሉቃስ ማግስት ባይሆንም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 ላይ ይውላል። «2100ን ማን ያያል» የሚል ሰው የመሬት ሊዝና የጡረታ ስሌት ምን ያህል ወደፊት እንደሚሄድ ቢያስብ ረድፉን ለመጻፍ አይሰንፍም።

የሚጠበቀውን መልስ ከየት ላምጣ?

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን ብቻ ያንብቡ ቢባል ይህን እንዲያነቡ እለምናለሁ። የሚጠበቀው መልስ ከሚፈተሸው አገልግሎት መምጣት የለበትም።

ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ በተግባር ግን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነው። የመጀመሪያውን ሠንጠረዛችንን የሞላሁት እኔ ነበርኩ። አርባ ያህል ግብዓት ጽፌ አገልግሎቱን ጠርቼ፣ የመጣውን መልስ በዓይኔ ገረፍ አድርጌ «ልክ ይመስላል» ስል በ«የሚጠበቅ ቀን» ዓምድ ውስጥ ለጠፍኩት። ፍተሻው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴ የማይሆንበት ምክንያትም አልነበረውም፤ አገልግሎቱን ከራሱ ጋር ነበር ያመሳከርኩት። ከሳምንታት በኋላ አንዲት ባልደረባችን ስሌታችንን ሳታይ፣ ከታሪክ የምታውቀውን ብላ የዓድዋን ረድፍ ጨመረች፦ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ማርች 1 ቀን 1896። አገልግሎቱ ማርች 2 ብሎ መለሰ።

የመጀመሪያ ምላሻችን ረድፉን መጠርጠር ነበር። የድሉ በዓል በየዓመቱ ማርች 2 ላይ ይውል የለ? ይውላል፤ በያዝነው ምዕተ ዓመት የካቲት 23 ሁልጊዜ ማርች 2 ነው። ጦርነቱ የተካሄደው ግን እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት ነው፤ በዚያ ዘመን የሁለቱ አቆጣጠሮች ርቀት በአንድ ቀን ያንስ ስለነበር ቀኑ ማርች 1 ነው። ፕሮግራማችን መስከረም 1ን በሴፕቴምበር 11፣ ከዘመነ ሉቃስ ማግስት ደግሞ በ12 ላይ ቸንክሮ ለዘመናት ሁሉ ያንኑ ይጠቀም ነበር። አርባው ረድፌ ያላየውን አንዲት ከውጭ የመጣች ረድፍ አሳየች።

ስለዚህ መልሱን ከአገልግሎቱ ነፃ ከሆነ ምንጭ ያምጡ። የታተመ የቀን መቁጠሪያ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተመዝግቦ የሚገኝ የታሪክ ድርጊት፣ በእጅ የተሠራ ስሌት፣ ወይም በሌላ ሰው በሌላ መንገድ የተጻፈ ፕሮግራም ይሆናል። ኤክሴልን ለዚህ ሥራ አይመኑት፤ ከጥንት ጀምሮ ከሎተስ 1-2-3 ጋር ለመስማማት ሲል 1900ን 366 ቀን ያለው ዓመት አድርጎ ይቆጥራል፣ ከ1900 በፊት ያለውንም ቀን እንደ ቀን አይቀበልም።

አንዳንዶች «ቀኑን ወደዚያ ለውጠን መልሰን ብንለውጠው ያው ራሱ ከመጣ ልክ ነው» ይላሉ። ይህ ጠቃሚ ተጨማሪ ፍተሻ ነው፣ ምትክ ግን አይሆንም። በመሄጃው አንድ ቀን የጨመረ ፕሮግራም በመመለሻው አንድ ቀን ከቀነሰ ሁለቱ ስህተቶች ይጣፋሉ፤ የእኛም የዓድዋ ስህተት ይህን ፍተሻ ያለ ችግር ያልፍ ነበር።

ስህተት የሆነ ግብዓትን እንዴት ልፈትሽ?

ከሠንጠረዡ ቢያንስ ሲሶው ውድቅ መደረግ ያለባቸው ግብዓቶች ቢሆኑ አይበዛም። ጳጉሜን 7፣ ጥር 31፣ ወር ዐሥራ አራት፣ ዜሮ ዓመት፣ ባዶ ግብዓት፣ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 ሁሉም ረድፍ ይገባቸዋል። ለእነዚህ አገልግሎቱ 400 ወይም እንደ ስምምነታችሁ 422 ሊመልስ ይችላል፤ 500 (የሰርቨሩ የውስጥ ስህተት) ከመለሰ ግን ግብዓቱን ሳይመረምር ውስጥ ገብቶ ተሰብሯል ማለት ነው። ከ500 የሚከፋው 200 ብሎ የተሳሳተ ቀን መመለሱ ነው። ብዙ የቀን ስሌቶች ጳጉሜን 6 ቀን 2014 ሲሰጣቸው ዝም ብለው ወደ መስከረም 1 ያሻግሩታል፤ ጠያቂው የሌለ ቀን መጻፉን ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ የስታተስ ኮዱንም የመልእክቱንም ይዘት ያመሳክሩ።

ፋይሉን በኤክሴል ስከፍተው አማርኛው ተበላሸ፤ ምን ላድርግ?

የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ (ለፊደላት መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ አለ፣ ያ ቁጥር በፋይል ውስጥ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8ም እያንዳንዱ የአማርኛ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። ኤክሴል የሲኤስቪ ፋይል በቀጥታ ሲከፍት ብዙ ጊዜ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ስለማያውቅ ፊደሉን በላቲን ጭረቶችና ምልክቶች ይቀይረዋል፤ በዚያው ካስቀመጡት ብልሽቱ ዘላቂ ይሆናል። መፍትሔው ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ ከመክፈት ይልቅ ከዳታ ማስገቢያው ምናሌ ዩቲኤፍ-8ን መርጦ ማስገባት፣ ወይም ሊብሬኦፊስን መጠቀም ነው።

ሌላው ችግር ለዓይን አይታይም። ኤክሴል «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ብሎ ሲያስቀምጥ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ያክላል፤ ስክሪፕትዎ ይህን ካላወቀ የመጀመሪያው ዓምድ ስም «መለያ» ሳይሆን ከፊቱ ስውር ምልክት ያለበት «መለያ» ይሆናል። ዓምዱ በዓይንዎ እየታየ ፕሮግራሙ «መለያ የሚባል ዓምድ የለም» ሲል ቀኑን ሙሉ ከመፈለግ፣ በፓይተን ፋይሉን ሲከፍቱ ይህን ምልክት የሚዘልለውን የዩቲኤፍ-8 ዓይነት ይምረጡ። ኤክሴል በ0 የሚጀምርን የስልክ ቁጥር 0 እንደሚቆርጥ፣ ቀን የሚመስለውን ጽሑፍ ሁሉ በራሱ መልክ እንደሚቀይርም አይዘንጉ። ባዶ ጽሑፍና ጭራሽ የሌለ ዋጋ፣ ወይም ቁጥርና ጽሑፍ መለየት ያለባቸው ከሆነ ሲኤስቪ አይችልም፤ ያን ጊዜ ጄሰን ይጠቀሙ።

የወር ስሞች በተለያየ ሆሄ ሲጻፉስ?

ይህን የውጭ መማሪያዎች አያነሱልንም፣ እኛን ግን በየቀኑ ያጋጥመናል። ኅዳር፣ ህዳር፣ ሕዳር፤ ታኅሣሥ፣ ታህሳስ፣ ታህሣሥ፤ ሐምሌ፣ ሀምሌ፤ ጳጉሜን፣ ጳጉሜ፣ ጷግሜን። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። የዩኒኮድ መደበኛ የማስተካከያ ሥርዓትም «ሀ»ን እና «ሐ»ን አንድ አያደርጋቸውም፤ ስለዚህ አገልግሎቱ ራሱ የሞክሼ ሆሄያትን ሠንጠረዥ መያዝ አለበት። ፍተሻው ደግሞ እያንዳንዱን አጻጻፍ በየረድፉ ጽፎ ሁሉም ወደ አንድ መልስ መምጣታቸውን ያረጋግጣል። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ዓመት፣ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ የገባበት ጽሑፍ፣ ከኋላው ባዶ ቦታ የተንጠለጠለበት ወር እንዲሁ ይጨመሩ። አገልግሎቱ የግዕዝን ቁጥር የማይቀበል ከሆነም ችግር የለም፤ አለመቀበሉ በግልጽ ኮድና መልእክት የሚነገር መሆኑን ረድፉ ያረጋግጣል።

«ዛሬ ስንት ነው» የሚለውን ጥያቄ እንዴት ልፈትሽ?

መልሱ በየቀኑ የሚለወጥ ነገር በሠንጠረዥ ሊጻፍ አይችልም። አገልግሎቱ ሰዓቱን ከውጭ የሚቀበልበት መንገድ በፍተሻ አካባቢ ብቻ እንዲኖረው ያድርጉ፣ ሰዓቱም አንዱ ዓምድ ይሁን። ሰርቨሮች በአብዛኛው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚሠሩ፣ እኛም በሦስት ሰዓት ስለምንቀድም፣ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 20፡59 እና 21፡00 ሁለት ረድፎች ይሁኑ፤ አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት የሚያልፈው በመካከላቸው ነው። ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው ወይስ እንደ ሀገሩ ልማድ በሌላ ሰዓት የሚለውን አገልግሎቱ አስቀድሞ ይወስን፤ ፍተሻው ያልተወሰነን ነገር ሊፈርድ አይችልም።

ዳታ የሚመዘግብ አገልግሎትስ በዚህ መንገድ ይፈተሻል?

ይፈተሻል፤ ጥንቃቄው ግን ይበዛል። አገልግሎታችን ድርጅቶች የራሳቸውን የዕረፍት ቀን የሚመዘግቡበት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ዙር ፍተሻ አለፈ፤ ሁለተኛው ዙር ሁሉም ረድፍ 409 (ካለው መረጃ ጋር ይጋጫል) እየመለሰ ወደቀ፣ ምክንያቱም ቀናቱ ካለፈው ዙር ተመዝግበው ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ረድፍ የሚያስፈልገውን ራሱ ያዘጋጃል፣ ሲጨርስም የመዘገበውን ይሰርዛል፤ ለድርጅቱም በየዙሩ አዲስ የመለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ረድፍ 5 የሚያልፈው ረድፍ 4 ቀድሞት ከሄደ ብቻ ከሆነ ሠንጠረዡ ታሟል። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የረድፎቹን ቅደም ተከተል አልፎ አልፎ አዘበራርቆ ማስኬድ ነው።

የደንበኞችን እውነተኛ ዳታ ለፍተሻ ልጠቀም?

አይጠቀሙ። የልደት ቀን ከስምና ከስልክ ቁጥር ጋር ሲሆን የሰው የግል መረጃ ነው፤ በጊት ማከማቻ ውስጥ አንዴ ከገባ ደግሞ ፋይሉ ቢሰረዝም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ሆኗል። ለፍተሻ የሚያስፈልገው የዳታው ቅርጽ ስለሆነ፣ ያው ቅርጽ ያለው የፈጠራ ዳታ ያዘጋጁ። የይለፍ ቃላትና የመግቢያ ቁልፎችም በሠንጠረዡ ውስጥ አይቀመጡም።

ፍተሻው መቼ መቼ ይሂድ?

ኮድ በገባ ቁጥር። ፍተሻን በራሳቸው የሚያስኬዱት ጄንኪንስም ይሁን ጊትሃብ አክሽንስ የሚያዩት ፕሮግራሙ ሲጨርስ የሚመልሰውን ቁጥር ነው፤ ኒውማንም ፓይቴስትም አንድ ረድፍ እንኳ ከወደቀ ከዜሮ የተለየ ቁጥር ስለሚመልሱ የተሳሳተ ኮድ ወደ ፊት አያልፍም።

የኔትወርክ መቆራረጥ ባለበት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት፤ አገልግሎቱ የተሳሳተ መልስ መስጠቱና ጭራሽ አለመገኘቱ ሁለት የተለያዩ ውድቀቶች ናቸው። ላልተገኘ ሰርቨር ሁለትና ሦስት ጊዜ መሞከር ተገቢ ነው። የተሳሳተ መልስ ለሰጠ ግን ፈጽሞ ዳግም አይሞከር፤ በሁለተኛው ሙከራ ያለፈ ረድፍ በሁለት ጥያቄ መካከል መልሱን የሚለዋውጥ አገልግሎት እንዳለ እየነገረን ነው። ከተቻለ አገልግሎቱን ፍተሻው ባለበት ማሽን ላይ አስነስቶ መፈተሽ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። በሩቅ ሰርቨር ላይ ብዙ መቶ ረድፍ በፍጥነት የሚልክ ደግሞ 429 (ጥያቄ በዝቷል) ሊገጥመው ይችላል።

ስንት ረድፍ ይበቃል?

ቁጥር የለውም። እያንዳንዱ ደንብ በግራና በቀኙ ረድፍ ካለው፣ ከዚህ በፊት የተገኘ እያንዳንዱ ስህተት የራሱ ረድፍ ካለው ይበቃል። ሁለት ረድፎች ምክንያታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ከተጻፈ አንዱን ይሰርዙ።

ረድፍ ሲወድቅ ኮዱን ላርም ወይስ ረድፉን?

አስቀድሞ መልስ የለውም፤ ወደ ነፃው ምንጭ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። በዓድዋው ረድፍ የተሳሳተው ኮዱ ነበር። ሌላ ጊዜ ግን አንድ ባልደረባችን የገና በዓል ጃንዋሪ 7 መሆኑን ይዞ ታኅሣሥ 29 ቀን 2016 በጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ላይ ይውላል ብሎ ጻፈ፤ አገልግሎቱ ጃንዋሪ 8 መለሰ። ኮዱን ለመለወጥ የቸኮለ ሰው ነበር። የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ከግድግዳ አውርደን ስናይ 2016 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገና የተከበረው ታኅሣሥ 28 ቀን ነው፤ አገልግሎቱ ትክክል፣ ረድፉ ስህተት ነበር። ረድፉን ዝም ብለን አላጠፋነውም። መልሱን ወደ 2024-01-08 አርመን፣ ከሥሩ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016ን ከ2024-01-07 ጋር ጨመርን፣ በምክንያት ዓምዱም ላይ «በዘመነ ዮሐንስ ገና በ28 ይውላል» ብለን ጻፍን።